አሥራ ሰባተኛው ናሙና

ድንጋይ መምታት እወዳለሁ። ሳላፍር መናገር ያለብኝ ይህን ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነውና። ጂኦሎጂ የገባሁት ለምድር ፍቅር ኖሮኝ አልነበረም፤ ለውጤቴ የተረፈው እሱ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ከወልድያ በላይ ካሉት ኮረብቶች አንዱ ላይ ወጥተን መምህራችን «ፀሐይና ዝናብ የበላውን ቆዳውን አትመኑ፤ ስበሩትና ትኩሱን ገጹን እዩ» አለን። መዶሻውን ተቀብዬ አሳረፍኩበት። ድንጋዩ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ ባሩድ ባሩድ የሚል ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እስከዚያ ቀን ያናደደኝ ነገር ሁሉ በክንዴ በኩል የወጣ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ስሰብር ኖርኩ።

የሚያናድድ ነገር ደግሞ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ጦርነቱ ካለፈብን በኋላ ወደ ግቢ ስንመለስ ላቦራቶሪያችን እንዳልነበር ሆኖ ጠበቀን። የማይክሮስኮፖቹ መስታወት መሬት ላይ ደቅቆ ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የናሙና መደርደሪያዎቹ ተገልብጠው፣ ስንት ሰው ከየአገሩ ለቃቅሞ ቁጥር የጻፈባቸው ድንጋዮች ከፍርስራሹ ጋር ተቀላቅለዋል። አንዱን ጥሩ ናሙና ደጅ ላይ ጉልቻ ሆኖ ጠቁሮ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ማዕድን የተማርኩት ከስልክ ስክሪን ላይ ነው። ጓደኞቼ ይስቁበት ነበር፤ እኔን ግን ደሜን ያፈላው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከእኔ በፊት በዲግሪ ተመርቆ ወልድያ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦታል። ጂኦሎጂ መግባቴን ስነግረው «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ራሱ ግን የሥራ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሲመለስ አይስቅም። «ሁለት ዓመት ልምድ ይላሉ! ልምዱን ከየት ልውለደው?» እያለ የባጃጁን መሪ በጡጫ ሲመታ ከኋላ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። እንደሱ አልሆንም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ላቦራቶሪ ከሌለን ላቦራቶሪዬን ራሴ እሠራለሁ አልኩ። ሠላሳ ናሙና ከገዛ አገሬ ሰብሬ፣ ቁጥር ጽፌ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠረጴዛቸው ላይ ልደረድርላቸው አሰብኩ።

አባቴ መካኒክ ነው። የጂኦሎጂ መዶሻ ገበያ ላይ ስናጣ ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ አሹሎ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ በየደልኝ። ሲሰጠኝ በእጁ መዘነውና «ይኼ ድንጋይ ቀርቶ ሰው ይሰብራል» አለኝ። ለቀልድ ነበር የተናገረው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የጉድጓድ ውሃ ቦታ የሚያጠና አንድ የግል ድርጅት ሀብሩ ውስጥ ሥራ ጀመረ ተባለ። ለልምምድ አንድ ተማሪ ይወስዳሉ ሲባል ሦስት ቀን በራቸው ላይ ቆሜ ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ አለቃው ወጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። «መዶሻሽን ማን ሠራልሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ሁለት ወር ትሠሪያለሽ። ጥሩ ከሆንሽ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ ለቀጣዩ ሥራም አንድ ጀማሪ ያስፈልገናል» አለ። ቤት ስደርስ ወንድሜ ባጃጁን አቁሞ አቀፈኝ። ቀናብኝም፤ ከክንዱ ጥብቀት ያስታውቅ ነበር።

መርሳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጠዋት ከኮረብቶቹ በኩል ተኩስ ካልተሰማ ፒካፑ መጥቶ ይወስደኛል፤ ከተሰማ እስኪበርድ እንጠብቃለን። የምንሠራበት ከግራና ከተማ በታች ያለ አንድ የገበሬዎች መንደር ነው። አራት የብረት ካስማ መሬት ውስጥ በመዶሻ እንቀብራለን፤ ኤሌክትሪክ በሁለቱ እንሰዳለን፤ በሁለቱ እንለካለን፤ ውሃ ያለበት ንብርብር ቁጥሩ ላይ ይታያል። ገበሬዎቹ «የመሬት ራጅ» ይሉታል። ካስማ የምመታው እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ «እንርዳሽ» ሲሉኝ እቆጣ ነበር።

መሬቱ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቅየው ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ሁለት ጎረምሳ ልጆች ያሏቸው፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ታናሽየው አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ወንድ ልጅ የለውም። በየቀኑ ከጓሮው ብርቱካን ያመጣልን ነበር። አንድ ቀን መለኪያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «እንዴት ነው እህቴ፣ ሳትቆፍሩት ውስጡን ታዩታላችሁ?» አለኝ። እየደከመኝም ቢሆን አስረዳሁት። «አጂብ ነው! እኛ ዘላለም ስናርሰው ላዩን ብቻ ነው የምናውቀው» አለ።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት አንድ ቀን፣ ምሳ በልተን ሰዎቹ ዛፍ ሥር ጋደም ሲሉ እኔ መዶሻዬን ይዤ በእርሻው ዳር ዳር ሄድኩ። አሥራ ስድስት ናሙና ነበረኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር፣ ሁሉም አሰልቺ። ሁለቱ ማሳዎች የሚገናኙበት ላይ ግን እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ድንጋይ አየሁ። ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል፤ ከተሸረፈው ላይ አንድ ነጭ ነገር ያበራል። ሌሎቹ ድንጋዮች ተኝተዋል፤ እሱ ቆሟል። የቆመ ድንጋይ ማን አቆመው፣ ለምን አቆመው ብሎ መጠየቅን የገጠር ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚማረው። እኔ የጋራዥ ልጅ ነኝ። የወሰን ድንጋይ የሚባል ነገር በፈተና ቢመጣ ትርጉሙን እጽፈው ነበር፤ ፊቴ ቆሞ ግን አላወቅሁትም።

ሦስት ጊዜ መታሁት። በሦስተኛው አናቱ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ቀሪው ከጉድጓዱ ተነቅሎ ተጋደመ። ውስጡን ሳየው ጮህኩ። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በነጭ የክሪስታል መርፌ ተሞልቷል። በስልክ ስክሪን ብቻ ያየሁት ነገር ነው። ጭብጥ የሚሞላ ስባሪ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ፣ አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩበት፣ የቀረውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ወደ ፈር ውስጥ አንከባለልኩት። እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ካስማ እየቀበርኩ ሳለ ታናሽየው በሬዎቹን ይዞ ሲመጣ አየሁት። በሬዎቹን ከዳር አቆማቸው። ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ከፈሩ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር በሁለት እጁ አነሣ፤ ትናንት ወደቆምኩበት ቦታ ተሸክሞት ሄደ። ጉድጓዱን በእጁ መጫር ጀመረ። ምን እንደሚሠራ ያኔም አልገባኝም። ከላይኛው ቤት ታላቅየው እንደ እብድ እየሮጡ ወረዱ።

«የአባታችንን ድንጋይ! ሰበርከው! ዱዓ የተደረገበትን ሰበርከው!»

ዱላቸው ከቃላቸው ቀድሞ ደረሰ። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ ነው ያረፈው። ታናሽየው ድንጋዩን አልጣለም፤ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎት «ስማኝ፣ ወላሂ ስማኝ!» ይላል። ሁለተኛው ጆሮው ላይ አረፈ። ያኔ ድንጋዩ ወደቀ። ሁለቱ የታላቅየው ልጆች ደርሰው ከሁለት ወገን መጡበት። ራሱን ለመከላከል ግራ ክንዱን አነሣ፤ ከልጆቹ አንዱ ዱላውን በሁለት እጁ አንሥቶ ክንዱ ላይ አወረደበት። ሠላሳ ሜትር ያህል ርቄ ነበር። ሲሰበር ሰማሁት። ድንጋይ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አውቃለሁ፤ አጥንት እንደዚያ አይደለም፤ እርጥብ ነው።

ሚስቱ እየጮኸች መጣች፤ የታላቅየውን ልጅ በጥርሷ ያዘችው፤ በክርኑ አፏን መትቶ ጣላት። ከታች መንደር የሚስቱ ወንድሞች በዱላና በመጥረቢያ ወጡ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ በሰው መሃል ሮጡ። አንድ ሰው ፊቱ በደም ተሸፍኖ በአራት እግሩ ይድሃል። ክላሽ ተተኮሰ፤ ወደ ሰማይ ነበር፣ ግን ሁሉም መሬት ላይ ወደቀ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሥተው ተያያዙ። የእኔ እጅ የብረት ካስማውን እንደጨበጠ ቀረ። አለቃዬ በአንገትጌዬ ይዞ ወደ መኪናው ጎተተኝ። ስንነሣ አንድ ድንጋይ የኋላውን መስታወት አፍርሶ እላያችን ላይ በተነው።

መንገድ ላይ ሾፌራችን፣ የመርሳ ሰው ነው፣ እያለቀሰ አወራ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው ሞት ጀምሮ በአንዲት ፈር ስፋት ሲጣሉ ኖረዋል። አምና በጥይት ሊጨራረሱ ሲሉ ሽማግሎች ገብተው፣ አባትየው ያቆመውን ድንጋይ በዱዓ እንደገና ተከሉት። «ያንን ድንጋይ የነካ ደም ነካ ተብሎ ነው የተለያዩት» አለ። «እንዴት ያለ አረመኔ ነው የሚነካው!»

ከረጢቱ ጭኔ ላይ ነበር። አለቃዬ ፊቴን አየ። ምንም ሳይጠይቅ ከረጢቱን ከፈተ፤ አሥራ ሰባት ቁጥርን አውጥቶ አገላበጠው፤ ሾፌሩ እንዳያይ መልሶ ከተተው። መርሳ ስንደርስ ከመኪናው አወረደኝና ለብቻዬ ወሰደኝ።

«ይኼን ወንዝ ውስጥ ወርውሪው።»

«ሄጄ ልንገራቸው?»

«ምን ብለሽ? ለሳይንስ ነው ብለሽ?» ቀጭን ድምፁ ተሰነጠቀ። «ያርዱሻል። መኪናውን ያቃጥሉታል። ውሃውም ይቀራል፤ ሦስት መንደር ውሃ አጥቶ ይቀራል። ደብዳቤሽም ይቀራል። አላየሽም፤ አልሰማሽም። ገባሽ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴን እንዲህ አልጠላውም ነበር። ደብዳቤሽም ይቀራል ሲለኝ ግን የወንድሜ ጡጫ መሪው ላይ ሲያርፍ ታየኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ከናሙናዎቼ ሁሉ የማይረባውን፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ ወረወርኩት። አሥራ ሰባትን አስቀረሁት። ለማስረጃ ብዬ አይደለም። ቆንጆ ስለነበረ ነው።

በአራተኛው ቀን መንደሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ ተባለ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ የሚቀመጥበት፣ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። በዚያ ቀን መሬቱን የረገጠ ሁሉ ይጠራል፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። እኛንም ጠሩን። መዶሻዬን መርሳ ትቼ ሄድኩ።

እኛ ስንደርስ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ዋርካው ሥር መቶ የሚሆን ሰው ጸሐይ ላይና ጥላ ላይ ተበታትኖ ተቀምጧል። ከብቶቹ ውሃ ስላልወረዱ ከየበረቱ ይጮሃሉ። የታላቅየው ልጆች ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ከፊት ለፊታቸው የታናሽየው የሚስት ወንድሞች፣ እነሱም እንደዚያው። ታናሽየው ክንዱን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት፣ ጆሮው አብጦ ጠቁሮ፣ ብቻውን መሃል ላይ ነው። ሽማግሌው፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ የመንደሩ ሼህ፣ አንድ በአንድ ያስነሣሉ። «በሐቅ ተናገር፤ አይተሃል?» ይላሉ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ቀጣዩ ይነሣል።

አለቃዬ ተነሣ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። እኔ ልነሣ ስል አንድ ሰው «እሷ እንግዳ ናት፣ ልጅ ናት፤ ትለፍ» አለ። ሼሁ አዩኝ።

«እንግዳማ ናት» አሉ። «ግን እግሯ መሬቱን ረግጧል። ልጄ፣ አብሽሪ፣ የሚነካሽ የለም። አይተሻል?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ታናሽየውም አየኝ። ዓይኑን አልነቀለም። እውነቱ ጥርሴ ሥር ነበር፤ አፌን ብከፍት ይወጣ ነበር።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አልኩ።

ድምፄ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

ከታላቅየው ልጆች አንዱ ተነሣና ክላሹን አቀባበለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ምንም አላየም! ታዲያ ድንጋዩ ራሱን ሰበረ? ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተገኘ ሰባሪውን እኛ እናውቀዋለን!» ወዲያ ማዶ ያሉትም አቀባበሉ። ያ የብረት ድምፅ ከወዲህም ከወዲያም ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ጨመቁ። ሼሁ በሁለቱ መሃል ገብተው ቆሙ፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉት። ማንም አላየላቸውም።

ያኔ ታናሽየው ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ሰበርኩት። ሸይጧን አሳስቶኝ ነው።»

የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ክላሾቹ ዝቅ አሉ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ አንዳንዱ ተፋበት። ፍርዱ ተነገረ፤ ድንጋዩ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ መሬት ገብቶ ይተከላል፤ እሱም እንደ ደንቡ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የወንድሙን ይቅርታ ይለምናል። ያው የሰበርኩት ድንጋይ ቀሪው ነበር የተሰጠው። በአንድ እጁ ነው ያነሣው። አናቱ የተገነጠለበት ስለታም ጠርዝ አንገቱን ቆርጦት ደም በኮሌታው ወረደ። ጎንብሶ እስከ ወንድሙ እግር ድረስ ሄደ፤ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ታላቅየው ሂና የተቀባ ጺማቸው እየተንቀጠቀጠ ቆይተው ቆይተው ድንጋዩን አወረዱለት። ዱዓ ተደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራችንን ጨረስን። ውሃው የታየው በታላቅየው መሬት ላይ ነው፤ ካስማውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት የለበትም። አለቃዬ ቃሉን ጠበቀ። ደብዳቤው «በታማኝነትና በትጋት ሠርታለች» ይላል፤ ማኅተም አለው። ለወንድሜ ሳሳየው ሁለት ጊዜ አነበበው። እኔ አንድ ጊዜም አንብቤ ልጨርሰው አልቻልኩም። ታማኝነት የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቀዳድጄ መብላት ያምረኝ ነበር። አልቀደድኩትም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ከመርሳ የምለቅበት ቀን በባጃጅ ብቻዬን ወደ መንደሩ ሄድኩ። ታናሽየውን ከብርቱካኖቹ መሃል አገኘሁት። በቀኝ እጁ ብቻ ቦይ ይጠርጋል። ክንዱ ከእስሩ ወጥቷል፤ ግን ተጣምሟል፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። ወጌሻው እንደማይቃና ነግሮታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው የእኔ ነገር። አፌን ከፍቼ «ድንጋዩን…» ስል አላስጨረሰኝም።

«ሦስት ጊዜ መታሽው» አለ። «በሦስተኛው ወደቀ። ከዚህ ሆኜ አይሽ ነበር።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን?» ጮህኩበት። እኔ ነኝ እሱን የተቆጣሁት።

«በማግሥቱ ጠዋት ሰው ሳያይ መልሼ ልተክለው ነበር። ወንድሜ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላማ ብናገር ልጆቹ አንቺ ላይ ይሄዱ ነበር። እኔን ወንድሜ ነው የመታኝ፤ ቢመታኝም ወንድሜ ነው፣ መግደሉን ይፈራዋል። አንቺን ማን ያስጥልሽ ነበር?» ቦዩን መጥረግ ቀጠለ። «ከዚያ ደግሞ ክላሽ ወጣ። ሰው መገኘት ነበረበት። ተገኘ።»

«አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጣ አየሁት። ዶማውን ጣለና በደኅናው እጁ ክንዴን ያዘኝ፤ ጣቶቹ አጥንቴ ድረስ ተሰሙኝ።

«ዱዓ ተደርጓል! አሁን ብትናገሪ ልጆቹ አንቺን ይፈልጉሻል፣ የሚስቴ ወንድሞች እነሱን ይፈልጓቸዋል። እሱስ? ወንድሙን በከንቱ እንደሰበረ ይወቅ? ሽማግሌ ነው፤ ያንን አይችለውም። በደልሽኝ ካልሽ ዝም በይልኝ። ካሳዬ እሱ ነው።»

ይህን ስጽፍ የማንንም ስም የማልጠራው፣ የመንደሩንም ስም የዘለልኩት ለዚያ ነው። የምጽፈው ደግሞ ዝምታው ስላቃጠለኝ ነው። ከሁለቱ የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም።

ልሄድ ስነሣ «የወሰድሽውን ጣልሽው?» አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። በአንድ እጁ ወደ ፀሐይ አዞረው። ነጮቹ መርፌዎች አበሩ። ብዙ ጊዜ አየው።

«ውስጡ እንዲህ ነበር?» አለ። «ሱብሃነላህ! አባቴ ካቆመው ጀምሮ አጠገቡ አርሻለሁ፤ አንድ ቀን ውስጡን አላየሁትም።»

«ይያዙት፤ የአባትዎ ነው» አልኩት።

«እዚህ ከተገኘ ሰው ይገድላል» ብሎ መልሶ አስጨበጠኝ። «ውሰጅው። ቢያንስ ለትምህርትሽ ይሁን።»

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ደሴ ነው። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ነበር። ደብዳቤውን አነበቡ። ከዚያ ናሙናዎቼን ደረደርኩ፤ ሠላሳ አልሞሉም፣ ዘጠኝ ቁጥርም የለም። ሁለቱ ዝም ብለው አለፏቸው። መሃል የተቀመጡት ሴትዮ ግን አንዱን አነሡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። አሥራ ሰባት ነበር።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ። «ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያማረ አላየሁም። የት አገኘሽው?»

«ሀብሩ፣ እርሻ ዳር» አልኩ።

«ዓይን አለሽ» አሉኝ። ሌሎቹም ተቀብለው እያገላበጡ አዩትና እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰኞ ሥራ ጀምሪ አሉኝ።